ከዳኛው ጀርባ ያለው ጽሕፈት ቤት፦ የአሜሪካ የሕክምና ፍርድ ቤቶች እንዴት ተቋም ሆኑ

ሱስ ያለበትን ተከሳሽ በእስር ፋንታ ወደ ሕክምና ስለሚልኩት ስለ አሜሪካ የሕክምና ፍርድ ቤቶች የሚጻፈው ሁሉ ዳኛውን ይወዳል። ካባ ለብሶ ከፍ ካለው ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ተከሳሹን በስሙ ጠርቶ «እንዴት ሰነበትክ? ሥራውን ያዝከው ወይ?» የሚል፣ ሲበረታ የሚያጨበጭብለት፣ ሲሰንፍ የሚገሥጸው ዳኛ ለካሜራም ለጋዜጣም ይመቻል። ነገር ግን ዳኛው ያንን መጠየቅ እንዲችል፣ ሰውየው ሥራ መያዝ አለመያዙን፣ የሽንት ምርመራው ምን እንዳሳየ፣ ባለፈው ሳምንት ከምክር አገልግሎቱ መቅረት አለመቅረቱን አንድ ሰው አጣርቶና ጽፎ በጠዋት ሊያቀርብለት ይገባል። የዕድር ሊቀ መንበር ስሙ በሰፈሩ ሁሉ ይታወቃል፤ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደታመመ፣ ድንኳኑ አሁን ማን ቤት እንዳለ የሚያውቀው ግን ጸሐፊው ነው። በሕክምና ፍርድ ቤትም እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ አስተባባሪ ይባላል። የተቋሙን ታሪክ ከዚህ ሰው ወንበር ሆኖ ያየ፣ አንዱ ቦታ ለምን እንደጸና፣ ሌላው ደግሞ ዳኛው በተዛወረ ማግሥት ለምን እንደተዳከመ ይገባዋል።

ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ከማያሚ ይጀምራል ቢባልም ሥሩ ይርቃል። አሜሪካ «ሱሰኛ ሕመምተኛ ነው ወይስ ወንጀለኛ?» የሚለውን ጥያቄ ስታገላብጥ ብዙ ዘመን ቆይታለች። በ1935 የፌዴራሉ መንግሥት በኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን ላይ፣ እስር ቤትም ሆስፒታልም የሆነ ትልቅ ተቋም ከፍቶ፣ ተፈርዶባቸው የመጡትንም በፈቃዳቸው የመጡትንም በአንድ ግቢ ያክም ነበር። በ1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሮቢንሰንና በካሊፎርኒያ ግዛት ጉዳይ፣ ሱሰኛ መሆን ብቻውን ወንጀል ተብሎ ሊያስቀጣ አይችልም ሲል ወሰነ። ውሳኔው ትልቅ ነበር። ዕፁን መያዝና መሸጥ ግን ወንጀል ሆኖ ስለቀረ፣ ሱሰኛው በሌላ በር ዞሮ እስር ቤት መግባቱን አላቆመም።

የአስተባባሪው ሥራ በመጀመሪያ የታየው በ1972 ነው። በደላዌር ግዛት ዊልሚንግተን ከተማ፣ በፌዴራል ገንዘብ፣ ታስክ በሚል ምህጻር የሚታወቅ ፕሮግራም ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ፍርድ ቤት የራሱ ቋንቋ አለው፣ የሕክምና ተቋምም እንዲሁ፤ ሁለቱ አይግባቡም፤ ስለዚህ መሐላቸው የሚቆም ሰው ይቅጠር። ይህ ሰው የታሰሩትን እያነጋገረ ሱስ ያለባቸውን ይለያል፣ ወደ ሕክምና ይልካል፣ መከታተላቸውን ያጣራል፣ ለፍርድ ቤቱም መልሶ ይነግራል። ፕሮግራሙ በብዙ ግዛቶች ተስፋፋ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራሉ ገንዘብ ሲቋረጥ ግን ብዙዎቹ ተዘጉ፤ የተረፉት የግዛታቸው ወይም የካውንቲያቸው በጀት ያነሣቸው ነበሩ። ይህችን ነገር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላም እንመለስባታለን።

ከዚያ ክራክ መጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ይህ ርካሽ ኮኬይን በከተሞች ተሠራጨ፤ ኮንግረሱም በ1986 ባወጣው ሕግ አምስት ግራም ክራክ ያከፋፈለ ሰው፣ አምስት መቶ ግራም የዱቄት ኮኬይን ካከፋፈለው ጋር እኩል፣ ቢያንስ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። እስር ቤቶች ሞሉ። በፍሎሪዳ፣ ማያሚ ከተማ ባለችበት ዴድ ካውንቲ፣ ዳኞቹ ያንኑ ፊት ደጋግመው ማየት ሰለቻቸው፦ ኮኬይን ይዞ ተገኘ፣ ታሰረ፣ ተፈታ፣ ደግሞ ይዞ ተገኘ። የአካባቢው ዋና ዳኛ ጄራልድ ዌዘሪንግተን፣ ኸርበርት ክላይን የተባሉትን ዳኛ ከመደበኛ የችሎት ሥራቸው አንሥተው ለጉዳዩ መፍትሔ እንዲያጠኑ አደረጓቸው። የካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ጃኔት ሬኖ እና የተከላካይ ጠበቆች ኃላፊው ቤኔት ብሩመርም ተስማሙ። ዐቃቤ ሕግና ተከላካይ በአንድ ሐሳብ ላይ መስማማታቸው ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነው። በ1989 ዳኛ ስታንሊ ጎልድስታይን የመጀመሪያውን ችሎት ከፈቱ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ኮኬይን ይዞ የተገኘና ከባድ ወንጀል የሌለበት ሰው፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያህል በካውንቲው የሕክምና ማዕከል ይታከማል፤ ሽንቱ ይመረመራል፤ በየጊዜው ዳኛው ፊት ይቀርባል። ከጨረሰ ክሱ ይነሣለታል። በሕክምናው መጀመሪያ ላይ በኒው ዮርክ ደቡብ ብሮንክስ ካለው ሊንከን ሆስፒታል የተወሰደ የአኩፓንክቸር፣ ማለትም ጆሮ ላይ መርፌ የመሰካት ልማድ ነበረበት። መርፌው ለኮኬይን ሱስ ልዩ ጥቅም እንደሌለው በ2002 የታተመ ሰፊ ጥናት አሳይቷል፤ የችሎቱ ሐሳብ ግን ከመርፌው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ፕሮግራሙን በአስተዳደር በኩል የያዘው ቲሞቲ መሪ የተባለ የካውንቲው ባለሥልጣን ነበር። ስለ ማያሚ በተጻፈው ሁሉ የጎልድስታይን ስም ደምቆ ይታያል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ሕክምናው፣ ላቦራቶሪውና ችሎቱ በአንድ እጅ መያዛቸው፣ ማለት በፍርድ ቤቱና በካውንቲው መካከል የሚመላለስ ኃላፊ መኖሩ፣ ማያሚን ከቀደሙት ሙከራዎች ለይቷታል ብዬ አምናለሁ።

ሌሎች ከተሞች ለማየት ወደ ማያሚ ጎረፉ። በ1991 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ዳኛ ጄፍሪ ታውበር የራሳቸውን ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት በኦሬገን ፖርትላንድም ተከፈተ። በ1993 ዋሽንግተን ዲሲም ጀመረች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ማያሚ ላይ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። በ1994 የችሎቶቹ ባለሙያዎች ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ፤ ታውበር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ጃኔት ሬኖ ደግሞ ከ1993 ጀምሮ በፕሬዚዳንት ክሊንተን ካቢኔ ውስጥ የፍትሕ ሚኒስትር ሆነው ነበርና፣ የዴድ ካውንቲው ሙከራ ዋሽንግተን ድረስ ጠበቃ አገኘ። በ1994ቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ ለእነዚህ ችሎቶች ድጎማ የሚሰጥ ክፍል ገባ፤ የኃይል ወንጀል የፈጸሙ ሰዎች በዚያ ገንዘብ እንዳይስተናገዱም ተከለከለ። በ1995 በፍትሕ ሚኒስቴሩ ውስጥ ገንዘቡን የሚያከፋፍል ጽሕፈት ቤት ተከፈተ።

ገንዘቡ ሲመጣ የተቋሙ ጠባይ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ የአንድ ዳኛ ቆራጥነትና የጥቂት ሰዎች በጎ ፈቃድ ነበር። ድጎማ የተቀበለ ፍርድ ቤት ግን ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት እንደጨረሰ፣ ስንት እንደተባረረ፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ መጻፍ አለበት። ዳኛ ይህን አይጽፍም፤ ጊዜም የለውም። ስለዚህ በየፍርድ ቤቱ «አስተባባሪ» የሚል የሥራ መደብ ተከፈተ። በአንዳንዱ ቦታ የፕሮቤሽን፣ ማለትም ከእስር ውጭ ያለ ፍርደኛን የመከታተል፣ ባለሙያ የነበረ ሰው ያዘው፣ በአንዳንዱ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ለዓመታት የችሎት ጸሐፊ የነበረች ሴት። ወጥ የሆነ የሥራ መዘርዝር አልነበረም፤ ሥራው በሠራተኛው ልክ ተሰፋ።

በጥር 1997 ማኅበሩ ከፍትሕ ሚኒስቴሩ ጋር አሥር መሠረታዊ ነጥቦችን አሳተመ። ሕክምናና የፍርድ ሂደት አንድ ላይ ይሂዱ፣ ዐቃቤ ሕግና ተከላካይ በችሎቱ ላይ አይፋለሙ፣ ተገቢ ሰዎች ቶሎ ተለይተው ይግቡ፣ ምርመራው ይደጋገም፣ ዳኛው ከእያንዳንዱ ተሳታፊ ጋር በየጊዜው ይነጋገር የሚሉት በሰፊው ይታወቃሉ። ከመጨረሻ ያሉት፣ ማለት ውጤትን መለካት፣ ሠራተኛውን ያለማቋረጥ ማሠልጠን፣ ከማኅበረሰቡና ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ትስስር መፍጠር፣ ብዙም አይወራላቸውም። የአስተባባሪው ሕይወት ያለው እነዚህ ውስጥ ነው።

የዚህን ሰው አንድ የሥራ ጠዋት ቀረብ ብለን እንይ። አስተባባሪዋ ሴት ናት እንበል። ችሎቱ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ቡድኑ ተሰብስቦ ስለ እያንዳንዱ ተሳታፊ ይነጋገራል። በዚህ ቅድመ ችሎት ስብሰባ ላይ ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ የሕክምና ተቋሙ ተወካይ፣ ፕሮቤሽን ኦፊሰሩ፣ አንዳንዴም ፖሊስ ይቀመጣሉ። ዳኛው ይመራል፤ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ያለችውን አንድ ገጽ ያዘጋጀችው ግን እሷ ናት። በገጿ ላይ ሰውየው ስንት ቀን ከዕፅ ርቆ እንደቆየ፣ ስንት ጊዜ እንደተመረመረ፣ ከስንት የምክር ቀጠሮ እንደቀረ፣ የት እንደሚያድር፣ ሥራ እንዳለው፣ ባለፈው ችሎት ምን እንደተባለ ተጽፏል። ይህችን ገጽ ለመሙላት ትናንት ማታ ድረስ ለሕክምና ተቋሙ ስትደውል፣ የላቦራቶሪውን ውጤት ስትጠብቅ ቆይታለች።

ምርመራው ራሱ ረቂቅ ነገር አለበት። በብዙ ቦታ እያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ቀለም ይሰጠዋል፤ በየጠዋቱ ስልክ ደውሎ ይሰማል፤ የእሱ ቀለም ከተጠራ በዚያው ቀን ቀርቦ ሽንት ይሰጣል። ቀኑ አስቀድሞ የማይታወቀው ሰውየው ተዘጋጅቶ እንዳይመጣ ነው። ሽንቱን የሚሰጠው ሰው እያየው ነው፤ ውኃ ጠጥቶ ሊያቀጥነው ስለሚችል ላቦራቶሪው ክሬያቲኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይለካል። ይህ ሁሉ የሰውን ክብር የሚነካ ነገር አለው። ጎበዝ አስተባባሪ ናሙና የሚሰበስበውን ሠራተኛ ስታሠለጥን ከአሠራሩ እኩል ስለ አነጋገሩ የምታሠለጥነው ለዚህ ነው። አንድ ሰው በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለወራት፣ በዚያ በር የሚገባ ከሆነ፣ በሩ ላይ የሚቀበለው ሰው ፊት ከመድኃኒቱ አይተናነስም።

ከዚያ ክርክሩ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ያገረሸበትና እውነቱን የተናገረ ሰው ምን ይደረግ? አንድ ጊዜ አገርሽቶበት የዋሸውስ? የሕክምና ተወካዩ «ሕክምናው ይጠንክርለት» ይላል፤ ፕሮቤሽን ኦፊሰሩ «ይታሰር» ሊል ይችላል። አስተባባሪዋ ያለፉትን ውሳኔዎች ታስታውሳለች፤ ባለፈው ወር ተመሳሳይ ጥፋት ላጠፋው ለሌላው ሰው የተሰጠው ሌላ ከሆነ፣ ይህንን በግልጽ መናገር የእሷ ድርሻ ነው። ማኅበሩ በ2013ና በ2015 በሁለት ቅጽ ባወጣው የምርጥ አሠራር መመሪያ፣ እስር እንደ እርምጃ ሲወሰድ ጊዜው ተወስኖ፣ በተለምዶ ከሦስት እስከ አምስት ቀን እንዳይበልጥ ይል ነበር። ሽልማቱም ቀላል አይደለም፦ ጭብጨባ፣ የስጦታ ካርድ፣ ከጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ዕጣ ማውጣት፣ ለጥቂት ጊዜ ከችሎት ቀጠሮ ዕረፍት። ለትልቅ ሰው ይህ የሕፃን ነገር ይመስል ይሆናል። ለዓመታት ከመንግሥት ሠራተኛ አፍ «ጎበዝ» የሚል ቃል ያልሰማ ሰው ግን በዕጣ ያገኘውን የአሥር ዶላር ካርድ በኪሱ ይዞ ይዞራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ፤ እሱም ሠራተኛ ማስተዳደር ነው። የዚህ ተቋም አወቃቀር እንግዳ ነገር አለው። በስብሰባው ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት ውስጥ ተጠሪነታቸው ለአስተባባሪዋ የሆኑት ጥቂቶች ናቸው፤ ኬዝ ማናጀሮቹ፣ መረጃ የምትመዘግበው ሠራተኛ፣ ምናልባት አንድ ናሙና ሰብሳቢ። ፕሮቤሽን ኦፊሰሩ አለቃው ሌላ ቦታ ነው። ቴራፒስቷ የክሊኒኩ ናት። ዐቃቤ ሕጉን ነገ ጠዋት ቢሮው ወደ ሌላ ችሎት ሊያዛውረው ይችላል። ዳኛው ደግሞ የማንም ታዛዥ አይደለም። እንግዲህ ማዘዝ የማትችላቸውን ሰዎች በአንድ መንገድ እንዲሄዱ ማድረግ የእሷ ሥራ ነው። መሣሪያዋ የመግባቢያ ሰነድ፣ የአሠራር መመሪያ፣ ሥልጠና እና በግል ያተረፈችው ከበሬታ ብቻ ነው። ሥራው በጥሩ ሁኔታ ሲሠራ አይታይም፤ ሲጎድል ግን ሰው ይታሰራል ወይም ይሞታል።

በእጇ ስር ያሉት ሠራተኞች የሚያስፈልጋቸው ክትትል ደግሞ ከተራ መሥሪያ ቤት የተለየ ነው። ኬዝ ማናጀር ከተሳታፊው ጋር ብዙ ወራት ይቆያል፤ ልጆቹን ያውቃል፣ ልደቱን ያውቃል። ተሳታፊው ሌሊት ቢደውልለት ያንሣ? መኪና ስለሌለው በራሱ መኪና ይውሰደው? ገንዘብ ያበድረው? አንዳንዱ ኬዝ ማናጀር እሱ ራሱ ከሱስ የዳነ ሰው ነው፤ ያ ልምዱ ሀብት ነው፣ አደጋም ነው። ፌንታኒል የተባለው ኃይለኛ ዕፅ በተስፋፋበት ዘመን ደግሞ ዛሬ በችሎት የተጨበጨበለት ሰው ነገ ሞቶ ሊገኝ ይችላል። በማግሥቱ ሠራተኛው ፋይሉን ዘግቶ ወደ ቀጣዩ ስም እንዲያልፍ ብቻ የምትጠብቅ አስተባባሪ፣ ከዓመት በኋላ አዲስ ሠራተኛ ስትፈልግ ትገኛለች። የሥራ ጫናውም በቁጥር ይለካል፤ ያው መመሪያ አንድ ተቆጣጣሪ ኦፊሰር ከ50 ሰው በላይ እንዳይዝ፣ ፕሮግራሙ ራሱ 125 ተሳታፊዎች ሲደርስ ጥራቱ እንዳይወርድ በቅርብ እንዲፈተሽ ይመክር ነበር።

ምስጢር ደግሞ ሌላው ፈተና ነው። በአሜሪካ የሱስ ሕክምና መዝገብ ከሌላው የሕክምና መዝገብ ይልቅ ጠበቅ ባለ የፌዴራል ደንብ የተጠበቀ ነው። ተሳታፊው ፈርሞ የሚፈቅደው ለቡድኑ የሚያስፈልገው ብቻ እንዲነገር ነው፦ መጣ፣ ቀረ፣ እየተሻለው ነው፣ አልተሻለውም። በልጅነቱ የደረሰበትን፣ ለቴራፒስቷ አልቅሶ የነገራትን ነገር ዐቃቤ ሕግ በተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ ማውጣት ክህደት ነው። ያንን ንግግር መሐል ላይ የሚያስቆም ሰው ያስፈልጋል፤ ተከላካይ ጠበቃውና አስተባባሪዋ ካላስቆሙት ሌላ የሚያስቆም የለም።

በዚህ መካከል ሞዴሉ ወደ ሌላ ችግርም ተሻገረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ልጆቻቸው በመንግሥት የተወሰዱባቸው ወላጆች የሚታዩበት የቤተሰብ ችሎት መጣ። በ1997 በፍሎሪዳ ብሮዋርድ ካውንቲ ዳኛ ጂንጀር ለርነር-ሬን የአእምሮ ሕሙማን ችሎት ጀመሩ። በ2008 በኒው ዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ ዳኛ ሮበርት ራስል ለቀድሞ ወታደሮች የተለየ ችሎት ከፈቱ፤ እዚያ እያንዳንዱ ተሳታፊ እንደሱ ወታደር የነበረ አጋር ይመደብለታል። ከአሜሪካ ውጭም ቶሮንቶ በ1998፣ ሲድኒ በ1999፣ ደብሊንና ግላስጎው በ2001 ተከተሉ። ዛሬ በአሜሪካ ከ4,000 በላይ እንዲህ ያሉ ችሎቶች አሉ፤ ማኅበራቸውም በ2023 ስሙን ለውጦ ኦል ራይዝ ተብሏል።

ከችሎቶቹ መብዛት ይልቅ እኔን የሚስበኝ በ2000 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የኒው ዮርክ ግዛት ዋና ዳኛ ጁዲት ኬይ ሕክምናው በግዛቲቱ ፍርድ ቤቶች ሁሉ እንዲዳረስ ዕቅድ አወጡ። የየግዛቱ ዋና ዳኞችና የፍርድ ቤት አስተዳዳሪዎችም በጋራ ስብሰባቸው ይህን አሠራር የሚደግፍ ውሳኔ አሳለፉ። ነገሩ ከአንድ ዳኛ ስሜት ወጥቶ የፍርድ ቤት አስተዳደር ሥራ ሆነ ማለት ነው። የኒው ዮርክ ችሎቶች ፕሮጀክት ዳይሬክተርና ሪሶርስ ኮኦርዲኔተር የሚባሉ መደቦች ነበሯቸው። ሠራተኛው የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ሲሆን ዳኛ ቢለዋወጥም ዕውቀቱ እዚያው ይቀራል።

ውጤቱስ? ከ23 ችሎቶች መረጃ ሰብስቦ በ2011 የወጣው ሰፊ አገር አቀፍ ጥናት፣ ከተሳታፊዎቹ 56 በመቶው ባለፈው አንድ ዓመት ዕፅ መጠቀማቸውን ሲናገሩ ወደ ችሎቱ ካልገቡት 76 በመቶው እንደተጠቀሙ፣ ወንጀል መፈጸማቸውን የተናገሩት ደግሞ 40 በመቶ ለ53 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። ለአዋቂዎች ይሠራል ብሎ ለመናገር ይህ በቂ ነው። ለታዳጊዎች የተከፈቱት ችሎቶች ግን እንዲህ ያለ ጠንካራ ውጤት አላሳዩም። ከሚጀምሩት አሥር አዋቂዎች አራቱ ዕፅ አይነኩም፣ ስድስቱ ይነካሉ የሚለውን ቁጥር እንደ ድል ለማየት ስለ ሱስ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥፋቱንም መናገር አለብኝ፤ ተቋሙን ስለምወደው ነው። አንደኛው የመድኃኒት ጉዳይ ነው። ለኦፒዮይድ ሱስ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሰውን ሕይወት እንደሚያተርፉ ሳይንሱ ከቆረጠ ቆይቷል። ሆኖም ብዙ ችሎቶች ለዓመታት «አንዱን ዕፅ በሌላ መተካት ነው» እያሉ፣ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሰው እንዲያቆም ያስገድዱ ነበር። ሐኪም ያልሆነ ዳኛ በካባው ሥልጣን መድኃኒት ያስቆማል ማለት ነው። በ2015 የፌዴራሉ መንግሥት እንዲህ ለሚያደርግ ችሎት ድጎማ እንደማይሰጥ አሳወቀ፤ በ2022 ደግሞ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ነገሩ የአካል ጉዳተኞችን መብት ሕግ ሊጥስ እንደሚችል በግልጽ ጻፈ። ሁለተኛው የዘር ጉዳይ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በእስር ቤት ካላቸው ድርሻ አንጻር በእነዚህ ችሎቶች ቁጥራቸው ያነሰ፣ ሳይጨርሱ የሚባረሩትም የበዙ ሆነው በብዙ ቦታ ተገኝተዋል፤ ማኅበሩ ራሱ በ2010 ይህንን አምኖ ችሎቶች ቁጥራቸውን እንዲፈትሹ ጠየቀ። ማን ተላከ፣ ማን ተቀባይነት አገኘ፣ ማን ተመረቀ የሚለውን በዘር ለይቶ በየዓመቱ የሚቆጥረው አስተባባሪው ነው። ካልቆጠረ አድልዎው ለማንም አይታይም፤ ሁሉም በቅን ልብ እየሠራ ያዳላል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ ቅድም ልብ ይበሉልኝ ያልኩት። ዛሬም በብዙ ካውንቲ የአስተባባሪው ደመወዝ በጊዜያዊ ድጎማ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዳኛውና ዐቃቤ ሕጉ በመደበኛ በጀት ይከፈላሉ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ሰው ግን ግራንቱ ሲያልቅ ያልቃል። በ1980ዎቹ ታስክ የደረሰበትን እያወቁ ይህን መድገም ስንፍና ነው።

እንግዲህ እኛ ጋ ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖራል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል ያለው ሕዝባችን ልጆቹን እያሳደገ ያለው በእነዚሁ ፍርድ ቤቶች ግዛት ውስጥ ነው። ብዙ ወላጅ የሕክምና ፍርድ ቤት መኖሩን የሚያውቀው ልጁ ከታሰረ በኋላ ነው፤ ብዙውም ገበናን ላለማውጣት ሲል ዕድሉን ያሳልፋል። እንግሊዝኛው ያልሰላለት ወላጅ ወይም ተሳታፊ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ፍርድ ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎቱን የማዳረስ ግዴታ አለበት፤ ይህም ከችሎቱ አልፎ እስከ ምክር አገልግሎቱ ሊደርስ ይገባዋል። ቋንቋው ያልገባው ሰው የቡድን ምክር ላይ ለአንድ ዓመት ቢቀመጥ ምን ይጠቅመዋል?

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው። ማያሚ ስትጀምር ተሳታፊው ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ይገባ ነበር። በኋላ ብዙ ችሎቶች ለመግባት አስቀድሞ ጥፋተኛ ነኝ ማለትን ቅድመ ሁኔታ አደረጉ፤ ፕሮግራሙን የጨረሰ ሰው መዝገቡ ይዘጋለታል፣ አንዳንዴም ከነጭራሹ ይሰረዝለታል። ለዜጋ ይህ በቂ ነው። በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ግን፣ ሰውየው ጥፋተኛ ነኝ ካለና ፍርድ ቤቱ ነጻነቱን በሆነ መንገድ ከገደበ፣ በኋላ መዝገቡ ቢሰረዝለትም እንደተፈረደበት ይቆጥረዋል። በእንዲህ ያለ መዝገብ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአገር ሊባረር ይችላል። ጫት እንኳ ለእኛ የዘወትር ነገር ቢመስለንም፣ እርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ጥብቅ ከሚባሉት ዕፆች ተርታ የተመደበ ነው። ካሊፎርኒያ ይህን ጉዳት አይታ ከ2018 ጀምሮ ለቀላል የዕፅ ክሶች ያላትን የሕክምና አማራጭ ጥፋተኛ ነኝ ሳይባል እንዲገባበት አድርጋ ለውጣለች። ሌሎች ግዛቶች ሁሉ አልተከተሏትም።

ስለዚህ ልጅህ፣ እኅትህ ወይም ጓደኛህ ወደ ሕክምና ፍርድ ቤት ይግባ ከተባለ ዕድሉን አታባርር፤ ግን አትቸኩል። መጀመሪያ አስተባባሪውን ፈልገህ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ለመግባት ጥፋተኛ ነኝ ማለት ግድ ነው ወይ? አማርኛ አስተርጓሚ በችሎቱም በሕክምናውም አለ ወይ? አስተባባሪው የሕግ ምክር ሊሰጥህ አይችልም፤ ጠበቃህም አይደለም። ዜጋ ያልሆነ ሰው ከሆነ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ተከላካይ ጠበቃው የኢሚግሬሽኑን መዘዝ እንዲያስረዳው ጠይቅለት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲላና በኬንታኪ ግዛት ጉዳይ ይህን ማስረዳት የጠበቃው ግዴታ ነው ብሏል።